የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ፤ የተሸጠው ልጅና የእናቱ ቋንቋ

መተማ የሚለው ስም በተጠራ ጊዜ የሰው ሁሉ ሐሳብ ወደ ዐፄ ዮሐንስ ይሄዳል። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ስፍራ ስለ ሆነና ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ተብላ ስለ ተጠራች ይህ የሚገባ ነው። እኛም ለዚህ የበዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ እርሳቸው ነበር። ነገር ግን የእርሳቸውን ታሪክ ከእኛ እጅግ የሚበልጡ ሰዎች ደጋግመው ጽፈውታል፤ አንባቢዎቻችንም ከሕፃንነታቸው ጀምረው የሰሙት ነው። ስለዚህ ስሙ በዚህ በቈላው አገር እምብዛም ስለማይነሣ፣ ሠራዊትም ሆነ ዘውድ ስላልነበረው ስለ አንድ ሰው ለመጻፍ ወሰንን። ይህ ሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። መተማን ረግጦ እንደ ሆነ አንልም። ቢሆንም ታሪኩን ለመረዳት ከመተማ ገበያ መነሣት ያሻል።

መተማ ከዐፄ ዮሐንስ ሞት በፊትም ብዙ ዘመን ገበያ ነበረች። ከዳርፉርና ከምዕራብ አፍሪቃ ለመካ ጉዞ ተነሥተው በመንገድ የቀሩ፣ ተክሩር የሚባሉ እስላሞች ሰፍረውባት ነበር። ከደጋው ቡናና ሰም፣ ፈረስና በቅሎ ይወርድባታል፤ ከሱዳን በኩል ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይመጣባታል። ከዚህ ሁሉ ጋር ሰውም ይሸጥባት ነበር። ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1862 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታችም ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር እንደዚሁ ነው) ገበያውን ባየ ጊዜ፣ ከሰሌን በተሠራ ዳስ ሥር የተቀመጡ ልጃገረዶች ለሽያጭ ቀርበው እንደ ነበር ጽፏል። ዛሬ የሰሊጥ ጆንያ የተሸከሙ መኪናዎች ወዲያና ወዲህ በሚሉበት በዚህ አገር፣ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በፊት ገዢ የልጆችን ጥርስና ክንድ እየመረመረ ዋጋ ይከራከር ነበር ማለት ነው።

ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ከዐባይ ማዶ የመጡ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። በጉድሩ በአሰንዳቦ ገበያ ይሸጣሉ፤ ዐባይን ተሻግረው በጎጃም በባሶ ገበያ እንደገና ይሸጣሉ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ይነዳሉ። ከጎንደር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በጭልጋ በኩል ወደ መተማ ወርዶ ሱዳን ይገባል፤ ሁለተኛው ወደ ሰሜን ዞሮ በምጥዋ ወደብ ወደ ቀይ ባሕር ይወጣል። የዚሁ የቈላው አገር ተወላጆች የሆኑት ጉሙዞችም ከገዛ መንደራቸው እየተነጠቁ በዚሁ ንግድ ይጠፉ ነበር። በመተማ በር ከወጡት መካከል ታሪኩን በገዛ እጁ ጽፎ ያስቀረልንን አንድም ሰው አላገኘንም። በምጥዋ በር ከወጡት ግን አንድ አገኘን።

ይህ ልጅ በ1856 አካባቢ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በሚባል አገር ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ ብለው ሰየሙት፤ የአባቱም ስም አዋጂ ነበር። ሂካ በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡለት የልጃቸውን የወደፊት ሥራ ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ሆኖም ከሰው ስም ሁሉ እንዲህ ለባለቤቱ ልክ የሆነ ብዙ አናውቅም። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ የእናቱ ልጅ ሆኖ አደገ፤ የሚያውቀውም ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ ብቻ ነበር። ይህን አንባቢው እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ በኋላ ያስፈልገናልና።

በ1869 የሰው ሌቦች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። እርሱ ራሱ ኋላ ለስዊድን ሚሲዮን በጻፈው ታሪክ እንደ ገለጸው፣ ምጥዋ እስኪደርስ ድረስ ስምንት ጌቶች ተፈራርቀውበታል። ስምንት ጊዜ ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ቍጥር ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ ይመለከተዋል፤ ቁም፣ ሂድ፣ አፍህን ክፈት ይለዋል፤ ከሌላ ሰው ጋር ስለ እርሱ ይከራከራል፤ ልጁም ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚያውቀው ገንዘቡ ከተቈጠረ በኋላ ነው። ከሁሉም ይልቅ እኛን ያሳዘነን ስሙ ነው። ሂካ መባሉ ቀረና ነሲብ ተባለ። ነሲብ የዐረብ ቃል ሲሆን ዕጣ፣ ድርሻ ማለት ነው። ዛሬ በመጽሐፍ ሁሉ የአባቱ ስም መስሎ የሚጻፈው ይህ ቃል የአባቱ ስም አይደለም። ለአንዱ ነጋዴ የደረሰው ድርሻ መሆኑን የሚናገር ነው።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ነገር ብንናገር አንባቢ ይታገሠናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ባርያ የሚለው ቃል በእኛ መካከል ዛሬም በስድብነት ይሰማል። በኳስ ሜዳ፣ በውሃ ቧንቧ ወረፋ፣ አንዳንድ ጊዜም በክፍል ውስጥ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ ባዞረ ጊዜ። የሚሰደበውም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ጠቈር ያለ ወይም ቤተ ሰቡ ከታች ከበረሃው የመጣ ነው። ይህን የምንጽፈው ሌሎችን ለመክሰስ አይደለም፤ እኛም ብለነዋልና፤ ባላልነውም ጊዜ ስቀናል። የሂካን ታሪክ ካነበብን በኋላ ግን ያንን ቃል ከሰማንበት ስፍራ ስንሄድ በሆዳችን የሚቀረን ነገር ሌላ ሆነ። ወደ ታሪኩ እንመለስ።

በ1870 ልጁ በምጥዋ ሳለ ወርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ አገር ሰው ነጻ አወጣው። ይህ ሰው ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ፣ በዚያን ጊዜ በምጥዋ የፈረንሳይ መንግሥት ወኪል የነበረና በኋላም ለግብጽ መንግሥት የሠራ ነው። ሥራው ሁሉ ለአገራችን የሚበጅ ነበር ለማለት አይቻልም። ያም ሆነ ይህ ለዚህ ልጅ ያደረገው በጎ ሥራ ሊካድ አይገባውም። ልጁን ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰጠው። ሚሲዮናውያኑ በ1866 ምጥዋ የደረሱት ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ አስበው ነበር፤ ዳሩ ግን መንገዱ ተዘግቶባቸው በዚያው በባሕሩ ዳር ቀርተው ነበር። ወደ ሰዎቹ ሊደርሱ ያልቻሉት መምህራን እንግዲህ ከሰዎቹ አንዱ በባርያ ነጋዴ መንገድ እነርሱ ዘንድ መጣላቸው።

ልጁ ከምጥዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገባ። የምጥዋን ሙቀት ያየ ሰው ከመተማ ጋር ያስተያየዋል፤ እኛ የመጋቢትንና የሚያዝያን ወራት የምናውቅ ሰዎች በዚያ ሐሩር ውስጥ ተቀምጦ ፊደል መቍጠር ምን እንደ ሆነ አይጠፋንም። ልጁ ግን ለትምህርት የጓጓ ነበር። መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በትንሣኤ ዕለት፣ ተጠመቀና ኦነሲሞስ የሚል ስም ተሰጠው። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው አጭር መልእክት ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባርያ ስም ነው፤ ጳውሎስ ጌታውን ፊልሞናን ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባርያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበለው የሚለምንለት ነው። እንግዲህ ልጁ ሦስት ስም ሆነለት፤ አንዱን እናትና አባቱ፣ ሁለተኛውን የሸጡት፣ ሦስተኛውን ያስተማሩት የሰጡት። እርሱም የመጀመሪያውን ትቶ ሁለቱን ይዞ ኖረ። ነሲብ የሚለውን ስም ለምን እንዳልጣለው ብዙ ተከራክረንበታል። ከመካከላችን አንዳንዶች የውርደት ምልክት ነውና መጣል ነበረበት ብለዋል፤ ሌሎች ደግሞ ከየት እንደ ወጣ እንዳይረሳ ብሎ ይሆናል ብለዋል። ሳንስማማ ቀረን።

ከዚህ በኋላ አቶ ኦነሲሞስ ብለን አንቱ እያልን እንጽፋለን። እስከዚህ ድረስ አንተ ያልነው ንቀን አይደለም፤ ልጅ ስለ ነበሩ ነው።

አቶ ኦነሲሞስ በ1876 ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐነሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ወደ ምጥዋ ተመልሰው ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገቡ። ወዲያውም ለጉዞ ተነሡ። ወደ ተወለዱበት አገር ለመግባት ፈለጉ፤ ነገር ግን ዐፄ ዮሐንስ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን በግዛታቸው እንዳያልፉ ከልክለው ስለ ነበር ጓደኞቻቸውና እርሳቸው በሱዳን በኩል ዞረው ለመሄድ ቈረጡ። ካርቱም ደርሰው በጥቁር ዐባይ በኩል ወደ ላይ ተጓዙና እስከ አሶሳ አካባቢ ቀረቡ። ከዚያ ወደ ፊት መሄድ አልተቻላቸውም። የቈላ ንዳድ ያዛቸው፤ ታመውም ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። በዚያም የማሕዲ ዐመፅ መነሣቱን ሰሙ። ከሰባት ዓመት በኋላ መተማን በደም ያጠባት ጦርነት መነሻው ይኸው ዐመፅ ነበር። አንድ የተሸጠ ልጅ ወደ እናቱ አገር ሊመለስ ሲሞክር መንገዱን የዘጋበትና ንጉሠ ነገሥቱን እዚህ የጣለው ነገር አንድ መሆኑን ስናይ፣ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ለየብቻ የተማርናቸው ነገሮች በአንድ ጊዜ ተገናኙልን።

አቶ ኦነሲሞስ እንደገና በእምኩሉ ተቀመጡ። በ1885ና በ1886 ሁለተኛ ሙከራ ተደርጎ እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ነገር ግን ወደ ኦሮሞ አገር እንዲያልፉ ፈቃድ አላገኙምና ተመለሱ። ወደ አገራቸው መግባት ባይቻላቸው ቋንቋቸውን ይዘው ሥራ ጀመሩ። መዝሙር በኦሮምኛ አዘጋጁ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ኦሮምኛ መመለስ ጀመሩ። ከዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቀደም ብለን አንባቢው እንዲያስታውሰው የለመንነው ነገር የሚመጣው።

አቶ ኦነሲሞስ ኦሮምኛ የለመዱት በልጅነታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ዐረብኛ በሚነገርበት ወደብ ኖረዋል፤ በስዊድን አገር በስዊድንኛ ተምረዋል። ልጅ ሆኖ ከቤቱ የተወሰደ ሰው የሚያውቀው የልጅ ቋንቋ ነው፤ እናቱ የጠራችበትን፣ ከእኩዮቹ ጋር የተጫወተበትን ያውቃል፤ ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር ሲፈርድ የሚናገርበትን፣ ሴቶች በወፍጮ ላይ ሆነው የሚያንጐራጕሩበትን፣ ለሟች የሚለቀስበትን ሁሉ ግን ገና አልሰማም፤ ቢሰማም አላስተዋለም። የባርያ ንግድ ከሰው ላይ የሚወስደው ጕልበቱን ብቻ ነው ብለን እናስብ ነበር። እነሆ ቃሉንም ይወስዳል። አቶ ኦነሲሞስም ይህን ጕድለታቸውን ዐወቁ። ብዙ የተማረ ሰው የማያውቀውን ዐውቃለሁ በማለት ሥራውን ሲያበላሽ አይተናል፤ እርሳቸው ግን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ።

ያገኙትም ሰው አንዲት ወጣት ልጅ ነበረች። አስቴር ጋኖ ትባላለች። በሊሙ እናርያ ንጉሥ ሰዎች ተማርካ ባርያ ሆና የነበረች ናት። በ1886 በጀልባ ተጭና ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ ጀልባውን በባሕር ላይ ያዘው። ኢጣልያ ምጥዋን ከያዘ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ልጅቱና ጓደኞቿ ነጻ ወጡና ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ተሰጡ። አስቴር ከአቶ ኦነሲሞስ በዕድሜ ብዙ ታንሳለች፤ የተማረችውም ገና ጥቂት ነበር። ነገር ግን አገሯን የለቀቀችው ዘግይታ ስለ ነበር ቋንቋው በአፏ ትኩስ ነበር። እርሳቸው አስተማሪ ሲሆኑ በዚህ ነገር ተማሪ ሆኑ። ከዚያ በፊት በክፍል ውስጥ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ መምህሩ የማያውቀውን ነገር እርሷ እንደምታውቅ ሲነገራት ምን ይሰማት እንደ ነበር እናስብ።

አስቴር የቃላት መዝገብ አዘጋጀች። ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቈቅልሹንና የዘፈኑን ግጥም ከአእምሮዋ እያወጣች አምስት መቶ ያህል ሰበሰበች። ከዚህም ብዙው በ1894 በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ የፊደል መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የፊደል መጽሐፍ ከሆነ ሕፃናት ሀ ሁ የሚቈጥሩበት ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እኛ ግን ከአቶ ኦነሲሞስ ሥራ ሁሉ ይህን አብልጠን እንወደዋለን ብንል፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከሌላ መጽሐፍ በታች አደረጋችሁ ብለው የሚቈጡን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ምክንያታችን ይህ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከሌላ አገር ወደ ኦሮሞ ሰው የመጣ ነው። የፊደሉ መጽሐፍ ግን የኦሮሞ ሰው የገዛ ራሱ ነው፤ በምድጃ ዙሪያ ማታ ማታ የሚወራው፣ ከብት ጠባቂው ልጅ በመስክ ላይ የሚጠያየቀው፣ አሮጊቷ ልጅ ስታስተኛ የምትለው ነው። ይህንን የሰበሰቡት ደግሞ ከዚያ ምድጃ በጕልበት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። በቤታቸው ያለ ማንም ሰው ዋጋ የማይሰጠውን የዕለት ተለት ነገር እነርሱ አንድ በአንድ እየለቀሙ ጻፉት፤ አጥተውት ስለ ነበር ዋጋውን ያውቃሉና።

ግጥምና ተረት የሚጽፍ ሰው ለተገፋው ያለውን ርኅራኄ ብዙ ጊዜ በልቅሶ ቃል ይገልጸዋል። አቶ ኦነሲሞስ ስለ ባርነት ክፋት ብዙ የኀዘን ቃል ሊጽፉ ይችሉ ነበር፤ ከእርሳቸው የበለጠ መብት ያለውም አልነበረም። እርሳቸው ግን ከእርሳቸው በኋላ ከጀልባ እየወጡ የሚመጡትን ልጆች አስቀምጠው ምን ታስታውሳላችሁ ብለው የሚጠይቁ ሰው ሆኑ። የተሸጠን ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ጕልበቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይጠየቃል እንጂ። እኛም በአገራችን በመከር ጊዜ ከደጋ ለሰሊጥ ዐጨዳ የሚወርዱትን ብዙ ሺህ ሠራተኞች እናያለን፤ ከሚያዝያ ወር 2023 ጀምሮም ሱዳን በጦርነት ስትታወክ ጓዛቸውን በራሳቸው ተሸክመው በመተማ የገቡትን እናቶችና ልጆች አይተናል፤ በደላላ እየተታለሉ በዚሁ በር ወደ ሱዳንና ከዚያም ወደ ሊቢያ በረሃ የወጡ የእኛ እኩዮችም ብዙ ናቸው። ስንት ሰው አለፈ ተብሎ ሲቈጠር ሰምተናል። ከቤታቸው ምን ዘፈን ይዘው እንደ መጡ የጠየቃቸው ሰው ስለ መኖሩ ግን አልሰማንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ማተሚያ ቤት በእኛው በግዕዝ ፊደል ታተመ። ይህ የክሪሾና ሚሲዮን በ1860ዎቹ ዓመታት ከግብጽ እስከ ኢትዮጵያ በሚወስደው መንገድ ላይ ጣቢያዎች ሲያቆም አንዱን በመተማ አድርጎት ነበር። ጣቢያው ብዙ ሳይቈይ ቀረ እንጂ ከባርያ ገበያው አጠገብ የቆመውን ቤትና የተሸጠውን ልጅ መጽሐፍ ያተመውን ቤት የሠሩት ሰዎች አንድ ነበሩ።

በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ የተጻፈው የአቶ ኦነሲሞስ ስም ብቻ ነው። የአስቴር ስም አልተጻፈም። የዘመኑ ልማድ እንደ ነበረ ይነገራል፤ እኛ ግን፣ በተለይም በዚህ ጽሑፍ ከእኛ ጋር የደከሙት ሴቶች ተማሪዎች፣ ይህንን ልማድ አንወደውም። ሊቃውንት ዛሬ ለአስቴር የሚገባትን ድርሻ ይሰጧታል፤ መዘግየቱ ግን አልቀረም።

በ1904 መንገዱ በመጨረሻ ተከፈተ። አቶ ኦነሲሞስና አስቴር ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ገቡ። ልጅ ሆኖ በ1869 የተወሰደው ሰው ወደ ኦሮሞ ምድር የገባው ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ መጻሕፍት አስጭኖ ነው። በቦጂ ተቀመጡ፤ የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በደስታ ተቀበሏቸው። አቶ ኦነሲሞስ ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው አስተማሩ፤ ገበሬው የሚባለውን ነገር ሁሉ ሰማ። ዳሩ ግን ኦሮምኛ የማይሰሙ ካህናት ይህ ሰው ምን እያለ ነው ብለው ተጠራጠሩ፤ ጥርጣሬውም ወደ ክስ ደረሰ። እመቤታችንን ነቅፈዋል ተብለው በ1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ እንዲሰደዱም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ።

በዚህ ነገር ላይ በቤታችንም ሆነ በክፍላችን ሁለት ዐይነት አስተሳሰብ አለ፤ ከወላጆቻችንም ብዙዎቹ የተዋሕዶ ልጆች ናቸው። ስለ ሃይማኖቱ ክርክር ፍርድ የምንሰጥ እኛ አይደለንም። ልብ ያደረግነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሳሾቹና ተከሳሹ በአንድ ስፍራ ቆመው ሳለ የሚነገረውን ነገር የሚሰማው ወገን ገበሬው ብቻ ነበር፤ እርሱን ግን ምስክርነት የጠራው የለም።

አቶ ኦነሲሞስ እንዳይሰብኩ በተከለከሉ ጊዜ ማስተማር አልተከለከሉም ነበርና በነቀምት ፊደል አስተማሪ ሆነው ኖሩ። አስቴርም በዚያው አስተማሪ ነበረች። ዐሥር ዓመት ያህል እንዲህ ሲኖሩ የስደት ዛቻ አልራቀላቸውም። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ፈቃዱ አልተሻረም። በዚህ ዘመን በአገራችን የባርያ ንግድ ገና አልቀረም ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ ከተጠየቀችው አንዱ ይህ ነበር፤ በሚከተለው ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ ባርያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ዐዋጅ አወጡ። አቶ ኦነሲሞስ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ነበሩ። የሚያስተምሯቸው ልጆች ስምንት ጊዜ መሸጣቸውን ያውቁ እንደ ሆነ ብናውቅ በወደድን ነበር።

ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐረፉ። ባርነትን ጨርሶ የሚሽረው ዐዋጅ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ሲወጣ በመቃብር አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወይዘሮ አስቴር ግን በሕይወት ነበሩ፤ ከጀልባው በወጡ በሃምሳ ስድስተኛው ዓመት ዐዋጁን ሰሙ፤ ከዚያም በኋላ እስከ 1964 ድረስ ኖሩ። ሁለቱ አብረው የሰበሰቡት ሌላ የዘፈንና የተረት መጽሐፍ በዕድሜያቸው ሳይታተም ቀርቷል።